ማፍያ ጋኑ አልፈላ ሲል፦ የኤሌክትሪክ ቢራ መጥመቂያ ችግርና መፍትሄ

አዲስ ዕቃ በተተከለ ማግስት ሲለግም ሰው ሁሉ አምራቹን ይረግማል። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ሲተከል ግን እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው፦ የገመዱን አገናኘትና የከተማውን ከፍታ።

ፓኔሉን ከመንካት በፊት ዋናውን ብሬከር አውርደው ይቆልፉ፤ መስመሩ መሞቱን በቴስተር ያረጋግጡ። ውስጡ ያለው 380 ቮልት ስለሆነ ሽቦ የሚነካ ሥራ ሁሉ የኤሌክትሪሽያን ነው።

ሲሞቅ ይውላል፣ አይፈላም

500 ሊትር የብቅል ጭማቂ ከ65 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ 18 ኪሎዋት ያለው ጋን በአንድ ሰዓት አካባቢ መድረስ አለበት። ሦስት ሰዓት ከፈጀ፣ ለ380 ቮልት የተሠሩ ኤለመንቶች (የማሞቂያ ዘንጎች) በዴልታ ፈንታ በስታር ታስረው ይሆናል። ዴልታ ማለት እያንዳንዱ ኤለመንት በሁለት ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመር) መካከል ታስሮ 380 ቮልት ሲያገኝ ነው፤ ስታር ደግሞ የሁሉም አንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ተገናኝቶ እያንዳንዱ 220 ሲያገኝ። እንዲህ ሲሆን ኃይሉ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል።

ታዲያ ዝም ብሎ ወደ ዴልታ መቀየር አይደለም! መጀመሪያ ኤለመንቱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። 380 ካለ ዴልታ፣ 220 ካለ ስታር ነው። የ220ውን በዴልታ ያሰረ ሰው ኃይሉን ሦስት እጥፍ ያደርገውና ኤለመንቱን ያቃጥለዋል።

እስሩ ትክክል ከሆነ ጋኑ እየሠራ ሳለ ቮልቴጁን ይለኩ፤ ጭነት ሳይኖር የተለካ ቁጥር ያታልላል። በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 መሆን የነበረበት 190 ከሆነ የሚያገኙት የኃይሉን ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ሰፈሩ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት መጥመቅ ካበዙ ይህን ደጋግመው ያዩታል፤ የኮንታክተሩ (ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ማግኔታዊ ማብሪያ) መንጣጣትም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይመጣል። የመጥመቂያውን ሰዓት ማዛወር ይረዳል፤ ዘላቂው ግን በቂ መስመር ማስገባት ነው። ክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ) ካለ ለ18 ኪሎዋት በየፌዙ 27 አምፔር ገደማ ማንበብ አለበት። አንዱ ፌዝ ዜሮ ካሳየ ፊውዙንና የላላ ብሎን ይፈልጉ።

92 ላይ ቆሞ አላልፍ አለ

ይህ ብልሽት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መቆጣጠሪያው 100 ላይ ከተሞላ የማይደርስበትን ሲያሳድድ ሙሉ ኃይል ይለቃል፤ አረፋውም ገንፍሎ ወለሉን ያጥባል። ለማፍላት መቆጣጠሪያውን ወደ ማኑዋል ቀይረው ኃይሉን በመቶኛ ይስጡ፤ መንተክተክ ሲጀምር እየቀነሱ ልኩን ያግኙ።

ከፍታው ቢራው ውስጥም ይገባል። ቢራው የተቀቀለ በቆሎ ከሸተተ በአነስተኛ ሙቀት ያ ጠረን ቶሎ አልወጣም ማለት ነው። ክዳኑን ከፍተው ከ60 ደቂቃ ይልቅ 90 ያፍሉ። የሆፑም (ቢራን የሚያመረው አበባ) ምሬት ስለሚቀንስ መጠኑን ትንሽ ይጨምሩ።

ቁጥሩ ጨርሶ የማይመስል ከሆነ (በረዶ ባለበት ውሃ 40 የሚል ዓይነት) ሴንሰሩ ፒቲ100 (አንድ የሙቀት መለኪያ ዓይነት) ሆኖ መቆጣጠሪያው ለሌላ ዓይነት ተሞልቶ እንደሆነ ይመልከቱ።

የልቀት መከላከያው ብሬከር (ኤሌክትሪክ ወደ ጋኑ አካል ሲያመልጥ የሚያቋርጠው) ይወርዳል

ኤለመንት ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት እርጥበት ይጠጣል፤ በመርከብና በመጋዘን ለወራት የቆየ ዕቃ ላይ የተለመደ ነው። የኤለመንቶቹን ገመድ ሁሉ ነቅለው አንድ በአንድ ይመልሱ፤ ብሬከሩን ያወረደው ተጠርጣሪው ነው። በሜገር (የኤሌክትሪክ ማምለጥን የሚፈትሽ መለኪያ) ሲለካ ከ1 ሜጋኦም በታች ካሳየ ጎማውን አውጥተው በ120 ዲግሪ ምድጃ ለጥቂት ሰዓት ያድርቁትና እንደገና ይለኩ። ካልተሻለ ይቀየር። መከላከያውን አልፎ በቀጥታ ማገናኘትን ግን በእርጥብ ወለል ላይ ለሚቆም ሰው አይመኙ።

ፓምፑ ይዞራል፣ ፍሰቱ ደካማ ነው

ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ወደ ኋላ ቢዞርም ትንሽ ይገፋል፤ ስለዚህ ሰው ይታለላል። ሞተሩ ላይ ያለውን ቀስት ያዩና ሁለት ፌዝ ብቻ ያለዋውጡ። አቅጣጫው ትክክል ሆኖ ጠጠር እንደፈጨ የሚንኳኳ ከሆነ፣ ሊፈላ የደረሰው ፈሳሽ ፓምፑ ውስጥ እየተነነ ነው። ፓምፑን ከጋኑ በታች ያውርዱ፤ ፍሰት ሲቀንሱም የመውጫውን እንጂ የመግቢያውን ቫልቭ አይዝጉ።

የተቃጠለ ጣዕም

ኤለመንቱ ላይ የጠቆረ ቅርፊት ካለ ይጠቡት። ኤለመንቱ በፈሳሽ ሳይሸፈን በርቶ ከሆነ መንስኤው እሱ ነው፤ ፈሳሹ ሲጎድል ኃይሉን የሚያጠፋ የደረጃ ስዊች ይግጠሙለት።