የድሮ ፖርሽ የመፍቻ ቦርሳ ስትገዙ የምትሸወዱባቸው ቦታዎች

የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ፖርሽ ከፋብሪካ ሲወጣ አንዲት የመፍቻ ቦርሳ አብራው ትወጣ ነበር። ውስጧ ጥቂት ባለሁለት አፍ መፍቻዎች፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ የጎማ መፍቻ። ያኔ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። አንዱ መፍቻ ጎረቤት ተውሶት ይቀራል፣ ሌላው ጋራዥ ተረስቶ ይቀራል፣ መኪናው ሦስት አራት ባለቤት ሲቀያይር ቦርሳዋ ባዶ ትሆናለች። ዛሬ ግን 356 የተባለው የድሮ የፖርሽ ሞዴል የተሟላ ቦርሳ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። ገንዘብ ባለበት ፎርጅድ አይጠፋም፤ ሆኖም እኔ የማየው አብዛኛው ገዢ የሚሸወደው በፎርጅድ ሳይሆን በትክክለኛ ዕቃ ላይ በተለጠፈ የተሳሳተ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሃዜት ይላል፣ በቃ ኦሪጅናል ነው»

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ሃዜት ሬምሻይድ በምትባል የጀርመን ከተማ ከ1868 ጀምሮ የቆየ ፋብሪካ ነው፣ ለፖርሽም መሣሪያ አቅርቧል። ግን ያንኑ መፍቻ ለጋራዡም፣ ለፋብሪካውም፣ መንገድ ላይ ላለው የብረታ ብረት ሱቅም ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ሚናለሽ ተራ ስትዞሩ የድሮ የጀርመን መፍቻ ብታገኙ «የፖርሽ ዕቃ አገኘሁ» ብላችሁ አትሩጡ። መፍቻው የእውነት ሃዜት ሊሆን ይችላል፣ ፖርሽን ግን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

በተቃራኒው ደግሞ ሃዜት ያልሆነ መፍቻ ቦርሳው ውስጥ ስላያችሁ ብቻ አትጣሉት። ፖርሽ ከአንድ ፋብሪካ ብቻ አልነበረም የሚገዛው።

ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን አንብቡ። የሃዜት ባለሁለት አፍ መፍቻ የሞዴል ቁጥሩ 450 ነው። ከ450 ቀጥሎ «ኤን» (N) የሚል ፊደል ካለ ግን በእጃችሁ ያለው ዘመናዊው ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ያህል አሮጌ ቢያስመስለው ለ1958 መኪና አይሆንም።

«የ356 ነው አይደል? ይበቃል»

አይበቃም። 356 ከ1948 እስከ 1965 ተሠርቷል። በ1955 መጨረሻ «ኤ» የተባለው ዓይነቱ፣ በ1959 «ቢ»፣ በ1963 «ሲ» መጣ፤ በዚያው በ1963 ደግሞ ተተኪው 911 ፍራንክፈርት ላይ ለሕዝብ ታየ። መኪናው በተለወጠ ቁጥር ቦርሳውም ይነካል። ለምሳሌ «ሲ» በአራቱም እግሩ የዲስክ ፍሬን ሲገባለት ቸርኬውና የቸርኬው ክዳን አብረው ተለወጡ፣ ስለዚህ ክዳን መንቀያው የየትኛው ሞዴል እንደሆነ ሳትጠይቁ አትለፉ። «ለ356 ይሆናል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ «ለየትኛው ዓመት?» በሉ። ሻጩ ከተናደደ መልሱን አግኝታችኋል።

እዚህ ላይ ሁለት ጠቃሚ ምልክቶች አሉ። አንደኛው የጀርመን የደረጃ ቁጥር ነው፦ በድሮዎቹ ባለሁለት አፍ መፍቻዎች ላይ «ዲን 895» ተመትቶ ይገኛል፣ በኋላ የተተካው በ«ዲን 3110» ነው። 3110 የሚል መፍቻ በ50ዎቹ መኪና ቦርሳ ውስጥ ካለ አንድ ሰው በኋላ የጨመረው ነው። ሁለተኛውን መካኒኮች ወዲያው ይገባቸዋል። 8 ሚሊ ውፍረት ያለው ቡሎን ዛሬ በቁጥር 13 ነው የሚፈታው፤ በድሮው የጀርመን ደረጃ ግን በቁጥር 14 ነበር። የድሮ ቮልስ የፈታ ሁሉ ይህንን ያውቃል። እና የ50ዎቹ ነው የተባለ ቦርሳ 13 ይዞ 14 ከሌለው፣ እሱ ቦርሳ በዚያ መኪና ላይ ምን ሊፈታ ነበር?

መፍቻውን ከመኪናው ሥራ ጋር ማገናኘት ጥሩ ልማድ ነው። የ356 ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ የማራገቢያውን ቺንጋ ለማጥበቅ የዲናሞው ፑሊ ተፈትቶ በመሃሉ ያሉት ስስ ቀለበቶች ይቀነሳሉ። ለዚህ ትልቁ የፑሊ መፍቻ ያስፈልጋል። እሱ ጠፍቶ ሌላው ሁሉ «ሙሉ» ከተባለ፣ ሙሉ አይደለም።

«ከዚሁ መኪና ጋር የመጣ ነው»

እንዲህ ሲባል ቀስ በሉ። በመፍቻዎቹ ላይ የመኪናው የሻንሲ ቁጥር አይመታም። ፖርሽ ለያንዳንዱ መኪና የያዘው የምርት ካርድ የሞተሩን ቁጥር፣ የካምቢዮውን ቁጥር፣ ቀለሙን፣ የታዘዙትን ተጨማሪ ዕቃዎች ይናገራል እንጂ «ይህ ፒንሳ የዚህ መኪና ነው» አይልም። ሰው ግን ከፋብሪካው የተገኘውን ወረቀት ከቦርሳው አጠገብ አስቀምጦ ፎቶ ያነሳና የወረቀቱ እውነተኛነት ወደ ቦርሳው የሚተላለፍ ይመስለዋል።

ስለዚህ ማረጋገጥ የሚቻለው «ለዚህ ዓመትና ሞዴል ትክክል ነው» የሚለውን ነው። «የዚሁ መኪና ነው» ለማለት የቆየ ታሪክ ያስፈልጋል፦ አንድ ቤተሰብ መኪናውን ከአዲስነቱ ጀምሮ ይዞት ከሆነ፣ በድሮ ፎቶ ላይ ቦርሳው ከታየ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ሁለቱ በዋጋ አንድ መሆን የለባቸውም። ሻጩ የትኛውን እንደሚል በጽሑፍ ይንገራችሁ። በአፍ «ያው ነው» ያለ ሰው ጻፍ ሲባል ብዙ ጊዜ ቃሉን ያለሰልሳል፣ አይታችሁ ትታዘባላችሁ።

«ሁሉም ያብረቀርቃል»

ይህ ሊያስደስታችሁ ሳይሆን ሊያሳስባችሁ ይገባል። በእውነት አገልግሎት ላይ የነበረ ቦርሳ ያለቀበት ቦታ እኩል አይደለም። የጎማ መፍቻውና የካንዴላው ያረጃሉ፣ ትንሹ መፍቻ እንደ አዲስ ይቀመጣል። ሁሉም እኩል ካበሩ ወይ አዲስ የተሠሩ ናቸው፣ ወይ እንደገና ክሮም ተነክረዋል። የኋለኛውን ለመለየት መፍቻውን መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ ብርሃኑ በጎን እንዲመታው አዘንብሉት። ክሮሙ ሥር የዝገት ጉድጓዶች እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ይታያሉ፣ የፊደሎቹ ጠርዝ ደግሞ ሟሙቶ ክብ ይሆናል፤ ምክንያቱም ከመነከሩ በፊት በመሞረጃ ተፍቋል። በደንብ የተመታ ኦሪጅናል ፊደል ጥፍራችሁን ስታስኬዱበት ይይዛል።

ቅጂዎቹን በተመለከተ፣ ርካሾቹ ብረት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰባቸው ናቸው። ገጻቸው አሸዋማ ይመስላል። የድሮው በትልቅ መዶሻ ተቀጥቅጦ የወጣ ስለሆነ ገጹ ጥብቅ ነው።

ሌላም አለ፦ የገዛችሁትን ዕቃ በሽቦ ብሩሽ አታሹት። ዘይትና ጨርቅ ይበቃዋል። ከላዩ ያለውን የፋብሪካ ቅብ ካነሳችሁት ኦሪጅናል ዕቃን በገዛ እጃችሁ አጠራጣሪ አደረጋችሁት።

«ቦርሳው አርጅቷል፣ ስለዚህ የድሮ ነው»

ማስረጀት ቀላል ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ውስጡን ነው። ለዓመታት አንድ ቦታ የተኛ መፍቻ በኪሱ ላይ ቅርጹን ይተዋል፣ ዘይቱም እዚያው ይሰርጋል። ቦርሳው ውጪው ተቦጫጭቆ ኪሶቹ ንጹሕ ከሆኑ ነገሩ አላማረም። አንዳንዱ በጥቁር መብራት (በአልትራቫዮሌት) አብርቶ ክሩ ካበራ «አዲስ ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ ይህን ብቻ አትመኑ፣ በዚህ መብራት የሚያበሩት ጨርቅ የሚያነጡ ኬሚካሎች በ50ዎቹም ገበያ ላይ ነበሩ።

ክሪኩንና የንፋስ መለኪያውን የሚረሱ

እነዚህ ሁለቱ ከመፍቻዎቹ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ፣ ቀን ስለሚመታባቸው። የቢልሽታይን ክሪክና የሜስኮ የጎማ ንፋስ መለኪያ ላይ ወርና ዓመት ፈልጉ። መኪናው ከተሠራበት ወር ትንሽ ቀደም ቢል ጥሩ ነው። ከመኪናው በኋላ የተሠራ ክሪክ ግን ከመኪናው ጋር ሊወጣ አይችልም፣ ክርክር የለውም። አንዳንድ ሻጭ ቀኑ ያለበትን ጎን ፎቶ ሳያነሳ ይተዋል፤ ሁለቱንም ጎን፣ ከሚሊሜትር ማስመሪያ ጋር፣ በጎን ብርሃን አንስቶ እንዲልክ ጠይቁት። በአንድ ፎቶ ብቻ ዕቃ አትግዙ።

ስለ ክቧ የሃዜት «ቱሪስት» ሳጥንም ልበል። በስኮርታ ጎማው መሃል የምትገባ ቆንጆ ነገር ነች፣ ለቮልስም ለ356ም ትሆን ነበር። ግን ለብቻ ተከፍሎባት የምትገዛ ተጨማሪ ዕቃ ነበረች እንጂ ከእያንዳንዱ መኪና ጋር አትመጣም። ሻጩ እሷን አሳይቶ «ቦርሳው ባይኖርም ይኸው የፋብሪካው ዕቃ» ካላችሁ ሁለቱን ለይታችሁ ተደራደሩ፦ ሳጥኗን በራሷ ዋጋ፣ የጎደለውን ቦርሳ ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ላይ በመቀነስ።