የተወሰነ ቅጂ ያላቸውን የጥበብ ኅትመቶች እንዴት መለየት፣ መግዛትና መጠበቅ እንደሚቻል

የጥበብ ኅትመት መሰብሰብ የሚፈልግ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ከምስሉ በታች በእርሳስ የተጻፈውን ቁጥርና ፊርማ ነው። 12/50 የሚል ካነበበና ከጎኑ የሠዓሊው ስም ሰፍሮ ካገኘ፣ ሥራው ብርቅ ነው ብሎ ይደመድማል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ስንት ቅጂ እንደወጣ ብቻ ነው፤ ምስሉ እንዴት እንደተሠራ፣ ቀለሙ ምን ያህል ጠርቶ እንደወጣና ወረቀቱ ከዚያ ወዲህ ምን እንደደረሰበት አይነግርም። እነዚህን ማወቅ የሚቻለው ወረቀቱን ራሱን በመመርመር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከአሠራሩ ይጀምራል፤ ቁጥሩና ግዢው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. በመጀመሪያ አሠራሩን ይለዩ

የጥበብ ኅትመት የሚባለው ሠዓሊው በእንጨት፣ በብረት፣ በድንጋይ ወይም በተወጠረ ጨርቅ ላይ ያዘጋጀው ምስል በቀለም ወደ ወረቀት ሲተላለፍ የሚገኘው ሥራ ነው። ከወረቀቱ በስተጀርባ በሌላ ቦታ የተቀመጠ ዋና ሥዕል የለም፤ እያንዳንዱ ቅጂ ራሱ ዋናው ሥራ ነው። መንገዶቹ በአራት ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱም በወረቀቱ ላይ የራሱን ምልክት ይተዋል።

የእንጨትና የሊኖሌም ቅርጽ አሠራር ከመሥሪያ ቤት ማኅተም ጋር አንድ ነው፤ ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት ቦታ በመሮ ተፍቆ ይወጣል፣ ከፍ ብሎ የቀረው ክፍል ቀለም ይቀባና በወረቀት ላይ ይጫናል። በዚህ መንገድ የተሠራ ኅትመት መስመሩ ጠንካራ ነው፤ በጥንቃቄ ሲታይም የእንጨቱ ጭረት በጥቁሩ ቀለም ውስጥ ይታያል። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር በ1515 የሠራው የአውራሪስ ምስል የዚህ አሠራር ታዋቂ ምሳሌ ነው። ሠዓሊው በ1528 ከሞተ በኋላም እንጨቱ መታተሙን ስለቀጠለ፣ ዘግይተው በወጡት ቅጂዎች ላይ የእንጨቱ ስንጥቅና ነቀዝ የበላቸው ቀዳዳዎች ይታያሉ። በአገራችን ይህ ሙያ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተጠናከረው በ1960ዎቹ በዚያ ባስተማረው በጀርመን ተወላጁ ሃንሰን ባሂያ ዘመን ነው፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው።

በመዳብ ወይም በዚንክ ሳህን፣ ማለትም በጠፍጣፋ የብረት ዝርግ ላይ የሚሠራው ሁለተኛው መንገድ በግልባጩ ነው፤ ቀለሙን የሚይዘው የተቦረቦረው ክፍል ነው። በኤቺንግ አሠራር ሳህኑ አሲድ በማያሳልፍ ሰም መሰል ሽፋን ይቀባል፤ ሠዓሊው በመርፌ ሲስል ሽፋኑ ይነሣና ብረቱ ይጋለጣል፤ ሳህኑ አሲድ ውስጥ ሲገባም የተጋለጠው መስመር ብቻ ይበላል። ከዚያ ሽፋኑ ተወግዶ ቀለም ወደ ጉድጓዶቹ ይሞላል፣ የሳህኑ ገጽ በጨርቅ ይጠረጋል፣ የራሰ ወረቀት ተጭኖበትም በከባድ መዳመጫ ሥር ያልፋል። ከዚህ ጫና የተነሣ የሳህኑ ጠርዝ በወረቀቱ ላይ አራት ማዕዘን ስርጉድ ምልክት ያሳርፋል፤ ቀለሙም ከወረቀቱ ገጽ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆማል። ብርሃን ከጎን ሲበራበት ይህ በግልጽ ይታያል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል፤ ምክንያቱም የቅጂ ብዛት ከጥራት ጋር በቀጥታ የሚገናኘው በዚህ ክፍል ነው። ድራይፖይንት በሚባለው አሠራር አሲድ የለም፤ ሠዓሊው መዳቡን በሹል መርፌ ይጭራል፣ ከጭረቱ የተገፋው ብረትም በመስመሩ ዳር ይቆለላል። ያ ክምር ቀለም ስለሚይዝ መስመሩን እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳና ጥቁር ያደርገዋል። ነገር ግን በመዳመጫው ሥር በፍጥነት ይደፈጠጣል፤ ከጥቂት ደርዘን ቅጂዎች በኋላ መስመሩ ቀጭንና ደረቅ ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ሳህን የወጡ ሁለት ወረቀቶች በዋጋም በውበትም ሊለያዩ ይችላሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መዳቡን በኤሌክትሪክ ኃይል በቀጭን ብረት መለበጥ ከተጀመረ ወዲህ ሳህን ብዙ ቅጂ መቋቋም ችሏል፤ ልበጣው ግን የመስመሩን ለስላሳነት በጥቂቱ ይቀንሳል የሚሉ አታሚዎች አሉ።

ሊቶግራፍ በ1790ዎቹ መጨረሻ በሙኒክ በአሎይስ ዘነፌልደር የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ቅባትና ውሃ አለመዋሐዳቸው መሠረቱ ነው። ሠዓሊው በጠፍጣፋ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ ጠመኔ ይስላል፤ ድንጋዩ ሲርስ ቀለሙ በቅባቱ ላይ ብቻ ይያዛል። በወረቀቱ ላይ የሳህን ስርጉድ አይኖርም፤ የጠመኔው ሻካራነት ግን ይታያል። ስክሪን ፕሪንት ደግሞ ቀለም በተወጠረ ጨርቅ ቀዳዳዎች ተገፍቶ የሚያልፍበት ነው፤ ቀለሙ ወፍራምና ወጥ ሆኖ በወረቀቱ ላይ ይተኛል።

የዘመናችን ሠዓሊዎች እነዚህን መንገዶች ያቀላቅሏቸዋል። በ1970 በአዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ በ2004 በሚኒያፖሊስ ያሳተመችው «ኢንትሮፒያ» ሊቶግራፍንና ስክሪን ፕሪንትን አጣምሮ በ32 ቀለም የተሠራ ሲሆን 45 ቅጂዎች አሉት። በ2016 ያወጣችው «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» ደግሞ በስድስት ትላልቅ ወረቀቶች ላይ የተዘረጋ የመዳብ ሳህን ሥራ ነው። ኅትመት ከሸራ ሥዕል ያነሰ ጥበብ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ከእነዚህ ከአንዱ ፊት ቢቆም ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ አምናለሁ።

2. ዓይንዎን ከመግዛትዎ በፊት ያሠልጥኑ

ይህ ደረጃ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። በለንደን የሚገኘው የብሪትሽ ሙዚየም እና በዋሽንግተን የሚገኘው የብሔራዊ የጥበብ ማዕከል ኅትመቶቻቸውን ማንኛውም ሰው አስቀድሞ ቀጠሮ ይዞ በቅርብ እንዲመለከት የጥናት ክፍል አላቸው። በእነዚህ ከተሞች የሚኖር አንባቢ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድስ ሠዓሊ የሬምብራንትን ኤቺንግ ያለ መስታወት፣ ከፊቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማየት ይችላል። በአዲስ አበባ ደግሞ በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የኅትመት ሥራ ስለሚሰጥ፣ የተማሪዎችን ዐውደ ርዕይ መከታተልና ከሠሪዎቹ ጋር መነጋገር ይጠቅማል። አንድ ጊዜ ሳህን ሲቀባና ሲጠረግ ያየ ሰው ወረቀቱን በሌላ ዓይን ያያል።

3. ከፎቶ ግልባጭ ይለዩ

በገበያ ላይ «የተወሰነ ቅጂ» ተብለው ከሚሸጡት መካከል ብዙዎቹ የሸራ ሥዕል ፎቶግራፍ ተነሥቶ በማሽን የታተመባቸው ወረቀቶች ናቸው። ሠዓሊው ቢፈርምባቸውና ቁጥር ቢጽፍባቸውም ግልባጭነታቸው አይቀየርም። ለግድግዳ ጌጥነት መግዛታቸው ነውር የለውም፤ ሆኖም በእጅ ለተሠራ ኅትመት በሚከፈል ዋጋ መሸጥ የለባቸውም።

አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይያዙ። በመነጽሩ ሥር ምስሉ በሥርዓት በተደረደሩ የሰማያዊ፣ የሮዝ፣ የቢጫና የጥቁር ነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ ከታየ፣ እንደ መጽሔት በኦፍሴት የታተመ ነው። ነጠብጣቦቹ እጅግ ደቃቅና የተበተኑ ከሆኑ ደግሞ ከኢንክጄት ማሽን የወጣ ነው። ትክክለኛ ኤቺንግ ወይም የእንጨት ቅርጽ ያልተቆራረጠ መስመር ያሳያል። በዲጂታል መንገድ በቀጥታ የሚሠሩ ሠዓሊዎችም ስላሉ፣ ኢንክጄት መሆኑ ብቻ ሥራውን ውድቅ አያደርገውም፤ መጠየቅ ያለበት ምስሉ ለኅትመት ተብሎ የተፈጠረ ነው ወይስ የሌላ ሥራ ቅጂ ነው የሚለው ነው።

4. በእርሳስ የተጻፈውን ያንብቡ

አሁን ወደ ቁጥሩ መመለስ ይቻላል። 12/50 ሲባል ከጠቅላላው 50 ቅጂዎች 12 ቁጥር የተሰጠው ማለት ነው። ወረቀቶቹ ከደረቁ በኋላ ተደርበው ስለሚፈረሙ፣ ቁጥሩ የታተሙበትን ተራ ላያመለክት ይችላል፤ ስለዚህ ለ1/50 ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ብዙ ምክንያት የለውም። ከቁጥሩ ውጭ የሠዓሊው ድርሻ የሆኑ ቅጂዎች «ኤ.ፒ.» (አርቲስት ፕሩፍ) ተብለው ይለያሉ። አታሚው ሌሎቹን ሁሉ እንዲያመሳስልበት ሠዓሊው ያጸደቀው አንድ ወረቀትም አለ፤ በፈረንሳይኛ «ቦን አ ቲሬ» ይባላል። ሻጩን ሲጠይቁ የተቆጠሩትን ብቻ ሳይሆን የእነዚህንም ብዛት ይጠይቁ፤ 50 የተባለው በእርግጥ 65 ሊሆን ይችላል። በወረቀቱ ጥግ ያለ ቀለም የተረገጠ ትንሽ ማኅተም ካለም የአታሚው ቤት ምልክት ነውና መዝግቡት።

ቁጥርና የእርሳስ ፊርማ የተለመዱት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። የዱረርም ሆነ የሬምብራንት ኅትመቶች የቅጂ ቁጥር የላቸውም፤ በ1830ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የጃፓናዊው ሠዓሊ የሆኩሳይ «ታላቁ ማዕበል»ም በሺዎች የሚቆጠር ቅጂ የታተመለት ነው። የሬምብራንት የመዳብ ሳህኖች ብዙዎቹ ከእርሱ ሞት በኋላ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ስለታተመባቸው፣ «የሬምብራንት ኤቺንግ» የሚለው አጠራር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ መቼ እንደታተመ ማወቅ የግድ ነው። ለዚህ ስለ እያንዳንዱ ሠዓሊ የተዘጋጁትን ሙሉ የሥራ መዝገቦች በቤተ መጻሕፍት መመልከት ያስፈልጋል።

ፊርማም ብቻውን አይበቃም። ሳልቫዶር ዳሊ በዕድሜው መገባደጃ በ10 ሺዎች በሚቆጠሩ ባዶ ወረቀቶች ላይ በመፈረሙ፣ የእርሱ የኋለኛ ዘመን ኅትመቶች ገበያ እስከ ዛሬ ጥርጣሬ ያጠላበታል። በአሜሪካዊው ሠዓሊ በአንዲ ዋርሆል የ1967ቱ «ማሪሊን»፣ ማለትም በተዋናይት ማሪሊን ሞንሮ ምስሎች ላይ ደግሞ ወረቀቱን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። እያንዳንዳቸው 250 ቅጂ ያላቸው እነዚህ አሥር ምስሎች ፊርማቸውም ቁጥራቸውም በጀርባቸው ነው። ከ1970 ጀምሮ «ሰንዴይ ቢ. ሞርኒንግ» በሚል ስም የወጡት ተመሳሳይ ኅትመቶች ግን በጀርባቸው «የራስዎን ፊርማ ይሙሉ» የሚል ማኅተም አላቸው፤ ከ250ዎቹም አይቆጠሩም።

5. የወረቀቱን ጤንነት መርምረው ይግዙ

በፍሬም ውስጥ ያለ ኅትመት ከሆነ እንዲወጣ ይጠይቁ። ኅዳጉ ተቆርጦ እንደሆነ፣ ምስሉ ከተሸፈነው ጠርዝ ይልቅ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ፣ ቡናማ ነጠብጣብ እንዳለበት፣ በጀርባው ፕላስተር እንደተለጠፈበት ይመልከቱ። በካርቶን ላይ ሙሉ በሙሉ የተጣበቀ ወረቀት፣ ፊቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ብዙ ዋጋውን አጥቷል።

ከሻጩ በጽሑፍ የሚቀበሉት ሰነድ የሠዓሊውን ስም፣ የሥራውን ርዕስ፣ ዓመቱን፣ አሠራሩን፣ የወረቀቱን ዓይነት፣ የአታሚውን ስም፣ ጠቅላላውን የቅጂ ብዛት፣ እንዲሁም ሳህኑ ከኅትመቱ በኋላ ዳግም እንዳይታተምበት ተሰርዞ እንደሆነ መግለጽ አለበት። በካሊፎርኒያና በኒው ዮርክ ሻጮች እንዲህ ያለውን መረጃ በጽሑፍ እንዲሰጡ ሕግ ያስገድዳል፤ በሌላ ቦታ ግን ራስዎ መጠየቅ ይኖርብዎታል። ጀማሪ ሰብሳቢ ከታዋቂ ስም ደካማ ቅጂ ይልቅ፣ በሕይወት ካለ ሠዓሊ ጥሩ ቅጂ ቢገዛ እመርጣለሁ፤ ጥያቄውን ለሠሪው ራሱ ማቅረብ ይችላልና።

6. ከብርሃንና ከእርጥበት ይጠብቁ

ሙዚየሞች ለወረቀት ሥራዎች የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አካባቢ ነው፤ ይህም ከተለመደ የሳሎን ብርሃን እጅግ ያነሰ ነው። በቤት ውስጥ ይህን ማሟላት ቢያስቸግርም፣ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ መስቀልና አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከል መስታወት ማሠራት ይቻላል። ፓስፓርቱው (ምስሉን ዙሪያውን የሚከበው በመስታወቱ ሥር ያለው ካርቶን) እና የጀርባው ካርቶን አሲድ የሌለባቸው መሆን አለባቸው፤ ወረቀቱም መስታወቱን መንካት የለበትም። የሚያያዘው ከላይ በኩል ብቻ፣ በጃፓን ወረቀት ቁራጭና ከስንዴ ስታርች በተሠራ ማጣበቂያ ነው፤ ይህ በውሃ ስለሚለቅ ወረቀቱን ሳይጎዳ ይነሣል። በክረምት ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ከበስተጀርባው ሻጋታ ስለሚያፈራ አይመከርም።

የማይሰቀሉት በጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ፣ በመካከላቸው አሲድ የሌለበት ስስ ወረቀት እየገባ፣ ሳይጠቀለሉ ይቀመጣሉ። በንጹሕ እጅ፣ በሁለት ጥግ ተይዘው ይነሡ። የእያንዳንዱን ፊትና ጀርባ ፎቶግራፍ አንሥተው ከሻጩ ሰነድና ከደረሰኙ ጋር ከኅትመቶቹ በተለየ ቦታ ያኑሩ።