ምጽዋን ለጎረቤት ለማስረዳት ሦስት ሲኒ ይበቃል

ለገጣፎም ሆነ ሰበታ፣ ቡና ላይ «ምጽዋ እንዴት ያለች ከተማ ናት?» ተብሎ የተጠየቀ የምጽዋ ልጅ ወዲያው ወደ ቱርክና ጣሊያን ዘመን ይገባል። ባሕር አይቶ ለማያውቅ አድማጭ ግን ዘመኑም ስሙም ይምታታበታል። ስለዚህ ከታሪኩ በፊት ቦታውን አስይዙት።

ሦስት ባዶ ሲኒዎች ረከቦቱ ላይ በአንድ መስመር ደርድሩ። የመጀመሪያው የብሱ፣ መካከለኛው የጥዋለት ደሴት፣ የመጨረሻው አሮጌው ከተማ ያለበት ደሴት ነው። በየመካከላቸው ማንኪያ አጋድሙ፤ ባሕሩን አቋርጠው የሚያገናኟቸው መንገዶች እነዚያ ናቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ታሪክ በየሲኒው አኑሩ። እ.ኤ.አ. በ1557 ከተማዋን የያዙት ቱርኮችና ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተገነቡት ቤቶች ከመጨረሻው፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ከመካከለኛው ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1911 አስመራ የደረሰውን የባቡር ሐዲድ ደግሞ በጣታችሁ ከየብሱ ሲኒ ወደ ላይ አሳዩ፤ 118 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባን የሚስተካከል ከፍታ ላይ ይወጣል። ይህን የሰማ ደገኛ የምጽዋን ሙቀት ሳይነገረው ይገምተዋል!

ሰው ታሪክን ከቦታ ጋር ሲያያይዘው አይጠፋበትም፤ ልጆች እንኳ ሲኒውን እያነሱ ይጠይቃሉ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቤተ መንግሥቱ በ1982 ዓ.ም. ጦርነት ክፉኛ ተጎድቷል። በዚያ ጦርነት ዘመድ ያጣ ሰው ከተቀመጠ ያንን ሲኒ እርሱ ራሱ ካላነሳው አታንሱት። ለጉዞ ለሚዘጋጅ ሰው ደግሞ ካርታ ስጡት፤ ሲኒ ርቀት አያሳይም።