የፋብሪካ ሶፍትዌርን መስመር ሳያቆሙ እንዴት ማዘመን ይቻላል?

ብዙ ፋብሪካ ውስጥ ሶፍትዌር የሚገባው ችግር በመጣ ቁጥር ነው። ማሽኑ የራሱን መቆጣጠሪያ፣ ፒኤልሲውን፣ ይዞ ይመጣል። ሂሳብ ክፍል ለብቻው ኢአርፒ፣ ማለትም ሂሳብን፣ ግዢንና ክምችትን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር፣ ይገዛል። መሃሉን ኤክሴልና የሺፍት አለቃው ደብተር ይሞሉታል። ሁሉንም ነቅሎ አንድ ትልቅ ሲስተም መትከል ያጓጓል፤ እኔ ግን አልመክርም። በየተራ ማሻሻል ይሻላል። የታሸገ ውሃ ፋብሪካን እንደ ምሳሌ እንውሰድ።

1. ያለውን ወረቀት ላይ ሳሉ። ከታች ማሽኖቹ፣ ከላይ ኢአርፒው፣ መሃል ላይ ምርቱ የሚመራበት ደብተር ወይም ፕሮግራም ይቀመጥ። የፋብሪካና የቢሮ ሲስተሞችን ስለማገናኘት የወጣው ኢሳ-95 የተባለው ስታንዳርድም አከፋፈሉ ከዚህ ብዙም አይርቅም። መረጃው ከየት ወዴት እንደሚሄድ በቀስት አሳዩ። በፍላሽ ወይም በእጅ ጽሑፍ የሚሄደውን በቀይ አክብቡት።

2. አንድ ጥያቄ ምረጡ። «መስመሩ ዛሬ ለምን ቆመ?» ይበቃል። ኦፕሬተሮቹን ጠይቁ፦ ክዳን አልቆ፣ ሌብል ተበላሽቶ፣ መብራት ሄዶ።

3. ከፒኤልሲው አንብቡ፣ ምንም አትጻፉበት። ብዙ ፒኤልሲዎች ዛሬም ሞድባስ በሚባል የማሽኖች መነጋገሪያ ቋንቋ ይናገራሉ። ሞዲኮን የተባለው ፒኤልሲ አምራች ያወጣው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ የይለፍ ቃል ማንም አላሰበም። ኔትወርኩ ውስጥ የገባ ሁሉ ማሽኑን ማዘዝ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የማሽኖቹን ኔትወርክ ከቢሮው ለዩና መሃል ላይ አንድ አንባቢ ኮምፒውተር አስቀምጡ።

ማንበቡም የራሱ ጣጣ አለው። የጠርሙስ ቆጣሪው ባለ 16 ቢት ከሆነ 65,535 ሲሞላ ወደ 0 ይመለሳል። በሰዓት 12,000 ጠርሙስ በሚሞላ መስመር ላይ ይህ በአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል። ካላሰባችሁበት ሪፖርቱ ከዜሮ በታች የሆነ ምርት ያሳያችኋል።

4. መረጃው ሁሉ የሚገናኝበት አንድ ቦታ አብጁ። አምስት ሲስተሞች እርስ በርስ ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢያያዙ 10 ግንኙነት ይወጣል፤ በአንድ ማዕከል ከሆነ 5 ብቻ። ለዚህ ኤምኪውቲቲ የሚባለው፣ መልእክት በአንድ ማዕከል በኩል የሚለዋወጥበት ዘዴ፣ ጥሩ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክና አርለን ኒፐር በሳተላይት ለሚከታተሉት የነዳጅ ቧንቧ የሠሩት ስለሆነ ደካማ ኔትወርክ አያስደነግጠውም። ማዕከሉን የሚሆነው ሞስኪቶ የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ የይለፍ ቃል ማስገባት ግን አትርሱ።

ከሶፍትዌሩ በፊት በስም ተስማሙ። አንዱ ክፍል «መስመር 1» ያለውን ሌላው «አዲሱ መስመር» ካለው ሁሉም ነገር ይደበላለቃል። «ፋብሪካ/መስመር 1/መሙያ/ቆጣሪ» ዓይነት አጻጻፍ ያዙና ከዚያ ፈቀቅ አትበሉ። ማዕከሉ ያለበት ኮምፒውተር ግቢ ውስጥ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ በሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ይሁን። ኢንተርኔት ሲጠፋ መስመሩ ሥራ ላይ ነው፤ መረጃውም እዚያው ተጠራቅሞ መቆየት አለበት።

5. ኢአርፒውን መጨረሻ ላይ አገናኙ። እያንዳንዱን ጠርሙስ ሳይሆን የሺፍቱን ድምር ላኩለት። ደብተሩን ወዲያው አትጣሉት፤ ለአንድ ወር ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬዱ። ቁጥሩ ካልገጠመ መጀመሪያ ቆጣሪው የት እንደተገጠመ እዩ። ከመሙያው ቀጥሎ ከሆነ የሚቆጥረው በኋላ በፍተሻ የሚጣለውን ጠርሙስም ጭምር ነው። ሂሳብ ክፍል የሚፈልገው ከፍተሻ ያለፈውን ነው። ሁለተኛውን መስመር መንካት ያለባችሁ ይህ ልዩነት ከተፈታ በኋላ ነው።