ትንሽ አሮጌ መኪና ገዝቶ ቅዳሜና እሁድ እየነካኩ መዝናናት፣ ከየት ይጀመራል?

ኮፈን ከፍቶ እጁን ግሪስ በግሪስ ማድረግ ለሚያስደስተው ሰው ነው ይሄን የምጽፈው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ስራ የምትሄዱባትን መኪና ሳትነኩ በትንሽ ገንዘብ አንዲት አሮጌ ትንሽ መኪና ትገዛላችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ አንድ አንድ ነገሯን ታስተካክላላችሁ፣ ከዛ ደሞ ትነዷታላችሁ። በጣም ነው ደስ የሚለው፣ ግን ብዙ ሰው ገና ግዢው ላይ ይሳሳትና ደስታው ሳይጀመር ያልቃል።

ስህተቱ ምን መሰላችሁ፣ የማትነሳ መኪና በርካሽ ያገኛል፣ "ቀስ እያልኩ እሰራታለሁ" ብሎ አስጎትቶ ያመጣታል፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ሞተሩን አውርዶ ይበታትነዋል፣ ከዛ አንድ እቃ ይጠፋል፣ አንዱ ቅዳሜ ዝናብ ይሆናል፣ አንዱ ቅዳሜ እንግዳ ይመጣል፣ በቃ መኪናዋ ሸራ ለብሳ አመት ትቆማለች። ስለዚ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፣ የምትሄድ መኪና ግዙ። ትጩህ፣ ትንቀጥቀጥ፣ ወንበሯ የተቀደደ ይሁን ችግር የለውም፣ ግን ሞተሯ ሰርቶ በራሷ ጎማ ቤት የምትገባ ትሁን። ከዛ በኋላም የምትጀምሩት ስራ ሁሉ እሁድ ማታ ተገጥሞ የሚያልቅ አይነት ይሁን፣ ሳምንቱን ፈርሳ አትደር።

የቷ ትሻላለች ለሚለው ብዙ አልከራከርም፣ አሰራሯ ቀላል የሆነና መለዋወጫዋ እንደልብ የሚገኝ መሆኗ ነው ቁም ነገሩ። ቮልስ ለዚህ ስራ ተብላ የተሰራች ነው የምትመስለው፣ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የለ የውሃ ፓምፕ የለ፣ ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የያዙት 4 ቡሎኖች ናቸው፣ እስከ 2003 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ድረስ ደሞ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተች መለዋወጫዋ ዛሬም አልጠፋም። መንዳቱ ነው የሚያጓጓኝ ለሚል ማዝዳ ኤምኤክስ 5 አለች፣ 1989 ላይ የወጣች፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣራዋ የሚከፈት፣ በኋላ ጎማ የምትሄድ፣ 1.6 ሞተር ያላት የመጀመሪያዋ አንድ ቶን እንኳን አትሞላም። እነሱ ከተወደዱባችሁ የ90ዎቹ ቶዮታ ስታርሌትና መሰሎቿ ምንም አይሉም፣ ማኑዋል ማርሽ ትሁን፣ ተርቦ አይኑራት፣ ኮፈኑ ሲከፈት ደሞ እጅ የሚገባበት ክፍተት ይኑር። ቀላል መኪና 60 ላይ ኩርባ ስትዞር የምትሰጠውን ደስታ ትልቅ መኪና 100 ላይም አይሰጥም፣ እውነቴን ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ዝገት። ሞተር ይቀየራል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፣ ፍሬን በሁለት ቀን ይታደሳል፣ የበሰበሰ ሻንሲ ግን መፍትሄው መቁረጥና መበየድ ነው፣ እሱ ደሞ ቤት ውስጥ በካቻቢቴና በቁልፍ የሚሰራ አይደለም። እኔ የመጀመሪያዋን ስገዛ ቀለሟ ያብለጨልጭ ነበር፣ ሻጩ "ምንም የላትም" አለኝ፣ ሞተሩንም ሰማሁት ጥሩ ነው፣ ከፈልኩ። ቤት አምጥቼ በሹፌሩ በኩል ምንጣፉን ሳነሳው ስሩ እርጥብ ነው፣ በካቻቢቴ ጫፍ ላሜራውን ገፋ ሳደርገው እንደራሰ ካርቶን ሰመጠ፣ ካቻቢቴውን ሳወጣው በቀዳዳው መሬቱ ይታየኛል። አራት ወር ቅዳሜዬ በሙሉ ብየዳ ላይ አለቀ፣ በዛ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አልነዳኋትም፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ስለዚ ሞተሩን ከመስማታችሁ በፊት ተንበርከኩ። ምንጣፉን አንሱ፣ ትርፍ ጎማውን አውጡና ከስሩ ውሃ ወይ ዝገት ካለ እዩ፣ በበሮቹ ስር በርዝመት የሚሄደውን ደፍ በእጃችሁ ዳብሱ፣ ክሪክ የሚገባበትን ቦታና አሞርዛተሮቹ (ንዝረት የሚውጡት) የታሰሩበትን በባትሪ መብራት ተመልከቱ። ላዩ ላይ ብቻ ያለ ቀይ ዝገት ተቦርሾ ይቀባል፣ ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ ግን ትታችሁ ሂዱ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በላሜራው ላይ አንሸራትቱ፣ እስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ሊጥ) በወፍራሙ የተለሰነበት ቦታ ሲደርስ አልይዝ ይላል። ቀለሟ አዲስ ሆኖ ዋጋዋ ርካሽ ከሆነ ደሞ ይሄን ሁሉ ሁለቴ አድርጉት፣ ከቀለሙ ስር ምን እንዳለ አይታወቅም።

ሞተሩን ቀዝቃዛ እንደሆነ ነው ማየት ያለባችሁ፣ አስቀድማችሁ ደውሉና "እኔ እስክመጣ አታስነሳት" በሉ፣ ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ፣ ከሞቀ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ስትነሳ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይ፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላች ነው፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶባታል፣ ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመና ጣፋጭ ነገር ከሸተተ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው፣ ብዙ ጊዜ የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ ማለት በሞተሩ ራስና በብሎኩ መሀል ያለው ማሸጊያ፣ ተበላሽቶ ነው። በብርዱ ጠዋት ትንሽ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ሲጠፋ ግን አትደንግጡ፣ ጤነኛ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሲሞቅ በፍጹም አትክፈቱ፣ ፊት ያቃጥላል።

ከዛ ንዷት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰአት። በትልቅ ማርሽ ቀስ ብላችሁ እየሄዳችሁ ነዳጅ እስከ ታች ርገጡ፣ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ጎን የምትስብ ከሆነ አንዱ ፍሬን አልይዝ ወይ አልለቅ ብሏል። እነዚህ የሚሰሩ ናቸው፣ እንደውም ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ናቸው። በመጨረሻ ስትመለሱ ሞተሩን ሳታጠፉ ለአስር ደቂቃ አቁሟት፣ የሙቀት መለኪያው እያያችሁት ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ ፋኑ ወይ ራዲያተሩ ችግር አለበት።

ወረቀቱ ላይ አጭር ነገር ልበል፣ ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ሰነዱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፣ ከ1981 ወዲህ በተሰሩ ብዙ መኪኖች ላይ 17 ፊደልና ቁጥር ነው፣ አንዷ ካልገጠመች አትግዙ። ገንዘባችሁን ደሞ ሙሉ በሙሉ ለግዢው አታውጡ፣ እኔ ሲሶውን ለመለዋወጫ ሳላስቀምጥ አልደራደርም።

መኪናዋ ቤት ገባች እንበል። የመጀመሪያው ቅዳሜ የፍሬን ነው፣ ሌላ ነገር አትንኩ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፣ መሬቱ ደልዳላ ይሁን፣ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች እንዳይንከባለሉ አስደግፏቸው፣ ካነሳችኋት በኋላ የብረት መደገፊያ ሳታስገቡ ከስሯ እንዳትገቡ፣ ይሄን አደራ እላለሁ። የዛገ ቡሎን ካለ ከዋዜማው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፉበትና ይደር፣ በማግስቱ ብዙ ጊዜ ሳይሰበር ይወጣል። የፍሬን ሸራውን እዩ፣ ቱቦዎቹ ከተሰነጣጠቁ ቀይሩ፣ ከዛ የፍሬን ዘይቱን ቀይሩት ምክንያቱም የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ውሃ ሲገባበት ፍሬኑ ሲሞቅ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይገባል፣ በሁለት አመት አንዴ መቀየሩ ጥሩ ነው። ይሄ ስራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ እኔ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የምሰራው፣ እሱ ውስጥ ተቀምጦ እኔ ጎማው ጋ ቁጢጥ ብዬ፣ "ርገጥ" እለዋለሁ፣ ይረግጥና "ይዣለሁ" ይላል፣ ማስተንፈሻዋን (ጎማው ጋ ያለችውን ዘይትና አየር የምታስወጣ ትንሽ ቡሎን) በቁልፍ ትንሽ ላላ ሳደርጋት በቀጭኗ ላስቲክ ውስጥ እንደ ቀለም የጠቆረ ዘይት ከአረፋ ጋር ይወርዳል፣ አጥብቄ "ልቀቅ" እላለሁ፣ እንደገና። ጥብቅ ከማድረጌ በፊት ከለቀቀ አየር ስለሚገባ ነው መነጋገሩ፣ ላይ ያለው የዘይት እቃም እንዳይጎድል እየሞሉ ነው። ከብዙ መርገጥ በኋላ ጥቁሩ አልቆ ጥርት ያለ ዘይት መምጣት ሲጀምር ፔዳሉም ከእግሩ ስር እየጠነከረ ይመጣል፣ እሷን ደቂቃ በጣም ነው የምወዳት።

ሁለተኛው ሳምንት የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)። ካንዴላዎቹን ስታወጡ በየሲሊንደራቸው ተራ ደርድሯቸው፣ ጫፋቸው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ አንዱ ብቻ በዘይት ከራሰ ችግሩ የትኛው ሲሊንደር ጋ እንዳለ ሳትፈቱ አወቃችሁ። ሶስተኛው ታይሚንግ ቺንጋ (የፒስተንና የቫልቭን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ቀበቶ)፣ መቼ እንደተቀየረ ማረጋገጫ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት፣ በብዙ ሞተሮች ላይ እሱ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ ሞተሩም በዛው ያበቃል። ካልደፈራችሁት ይሄን ለመካኒክ ስጡት፣ አያሳፍርም። ጎማዎቹንም በዛው እዩ፣ ጎናቸው ላይ ካሉት ፊደሎች መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በ2019 23ኛ ሳምንት የተሰራ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አስር አመት ያለፈው ጎማ አይነዳም።

ባትሪውም ቀላል ነው፣ በቴስተር ለኩት፣ ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሰራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ አልተርኔተሩ እየሞላ ነው። ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስትገጥሙ መጨረሻ አድርጉት።

ቀለም፣ ቸርኬ፣ ቴፕ፣ ወንበር ማልበስ የመሳሰለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማንኛውንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ቡሎኖቹን በትንንሽ ፌስታል አድርጋችሁ ከየት እንደወጡ ጻፉባቸው። አንድ ደብተር ደሞ ዳሽቦርዱ ውስጥ ይቀመጥ፣ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ ምን እንደተቀየረ፣ ሁለት መስመር ይበቃል። ስትሸጧት ደብተሩን ከቁልፉ ጋር ለገዢው ስጡት፣ ስለ ቺንጋው ማረጋገጫ አጥቶ እንደናንተ እንዳይጨነቅ።