ዳገት እምቢ ያለችው ዲኤክስ

ዲኤክሴ (ቶዮታ ኮሮላዬ) ሜዳ ላይ ደህና ነች። ሽሮ ሜዳን አልፌ ወደ እንጦጦ ስወጣ ግን ነዳጁን እስከ መጨረሻው ብረግጠውም በሁለተኛ ማርሽ ታቃስታለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ጉልበት ያጣል። ግን ከወር በፊት ይህንኑ ዳገት በሦስተኛ ትወጣው ነበር፤ አየሩ አልተለወጠ!

ካንዴላ ቀየርኩ፣ የቤንዚን ፊልትሮ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው) ነው ያሉኝም ነበሩ። ፍሪሲዮን ቢንሸራተት ግን ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ትቀራለች፤ የእኔ ሞተሩም አይጮህም።

በመጨረሻ ሞተሩን አጥፍቼ፣ የአየር ማጣሪያውን አንስቼ ወንድሜን «እስከ ወለሉ ርገጥልኝ» አልኩት። አየርና ቤንዚን በሚቀላቅለው ካርቡራተር ታችኛው ክፍል ያለው፣ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር ክዳን ከግማሽ ብዙም አላለፈም። በእጄ ስገፋው ግን ሙሉ በሙሉ ይከፈታል።

ለካ ፔዳሉ ሥር ባለፈው ወር ያስነጠፍኩት ወፍራም ምንጣፍ አለ (ዋጋውን ተዉት)። እሱን ቆረጥኩ፤ ፔዳሉን ከክዳኑ የሚያገናኘውን የላላ የነዳጅ ገመድም በዳዶው አጠበቅኩ። እግሬን ሳነሳ ክዳኑ ተመልሶ መዘጋቱን አይቻለሁ፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ሞተሩ እንደጮኸ ይቀራል። በማግስቱ እንጦጦን በሦስተኛ ወጣሁት።