ልጆችን ወደ ተወለድንበት ከተማ ስንወስድ

አዲስ አበባ ያደጉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የዓባይን በረሃ ተሻግራችሁ ደብረ ማርቆስ ስትገቡ፣ «በእኛ ጊዜ» እያላችሁ ወቀሳ አትጀምሩ፤ እኔ ጀምሬ ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ ከስልኳ ቀና ሳትል ቀረች። ይልቅስ ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ትባል እንደነበረና የዛሬ ስሟን ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን እንዳገኘች እየነገራችሁ በእግር አዙሯቸው።

አክብሮትን በቃል አታስተምሩ። እንግዳ ሲገባ ራሳችሁ ከመቀመጫችሁ ብድግ ብላችሁ «ኖር!» በሉ፤ እንግዳውም «በእግዜር!» ሲል ልጆቹ ይስሙ። እኛ ስለ ምን እንደምንነሣ ጠይቀን አናውቅም፤ እነርሱ ግን ይጠይቃሉ፣ ይህንንም ከልቤ እወድላቸዋለሁ።

ስልኩን አትንጠቁ። ልጄ በሦስተኛው ቀን፣ እናቴ ረከቦቱ ፊት ተቀምጣ ቡናውን ከጀበናው እየቀዳች ስለ ሠርጓ ስታወጋ፣ ስልኳን ከሲኒዎቹ አጠገብ አስቀምጣ ድምፇን እስከ በረካው ቀዳች።